ጣቶቼ ሲነጡ

ብርድ ሲነካኝ ጣቶቼ መጀመሪያ እንደ ኖራ ይነጣሉ፤ ቀጥሎ ይጠቁራሉ፤ ደማቸው ሲመለስ ደግሞ ቀልተው ያቃጥሉኛል። ደብረ ታቦር ላይ የጉና ብርድ የማይነካው ሬሳ ብቻ ነው። ሐኪሙ የደም ሥሬ ብርድ ሲያገኘው እንደሚጠብ፣ ከቁምጥና ጋር ምንም ዝምድና እንደሌለው ነገረኝ። ጓንት አድርጊ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አትንኪ፣ ሲነጡ ብብትሽ ሥር ሸጉጫቸው አለኝ። ሁሉንም አደረግሁ። ሰፈሩ ግን ሐኪም አላስፈለገውም። በጠራራ ፀሐይ ጓንት የምታጠልቅ ሴት የምትደብቀው ነገር ቢኖራት ነው ተባለ።

እኛ ዘንድ ልጅ ከመዳሩ በፊት አጥንቱ ይቆጠራል። በዘሩ ቁምጥና ካለ ሽማግሌ ደጁን አይረግጥም። ታናሽ እህቴን ሊጠይቁ የመጡት የመጀመሪያዎቹ ሽማግሌዎች እጅ ሳስታጥባቸው ጣቶቼን አዩና ምሳ ሳይቀምሱ ሄዱ። እህቴ ከዚያ ወዲያ ዘጋችኝ። እናቴ ግን አልዘጋችኝም።

«አንቺስ ቆመሽ ቀረሽ፤ እሷንም ይዘሻት ልትቀሪ ነው» አለችኝ።

ሁለተኛዎቹ ሽማግሌዎች ከገሳይ ሲመጡ እናቴ ጓንቴን አስወልቃ እጄን ከሰል ላይ አስሞቀችኝ። ያረጀ ቀሚሷን አለበሰችኝ። የማስታጠቢያውንም ውሃ ራሷ አሞቀችው፤ እናቴ ለእኔ ውሃ ስታሞቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አንደኛው ሽማግሌ እየታጠቡ ስለ ታላቂቱ ልጅ ጠየቁ፤ ታማለች ይባላልና የት ናት አሉ።

«አረብ አገር ናት፤ ደኅና ናት» አለች እናቴ። «ይቺ ሠራተኛችን ናት።»

እኔም ፎጣውን አቀበልኳቸው። መረቁኝ። እህቴ ተዳረች፤ ጎረቤቱም ለድግሱ ሲል አፉን ያዘ።

እህቴ ስትወልድ እናቴ ያው ሠራተኛ ሆኜ አራሷን እንድጠብቅ ገሳይ ላከችኝ። ክረምት ነበር። ሕፃኑን ታቅፌ ስስመው የእህቴ አማት ከእጄ ወስደው ለእናቱ ሰጡና የሽንት ጨርቁን ክምር አሳዩኝ፤ ደጅ ካለው በርሜል እየቀዳሁ እንዳጥብ አዘዙኝ። በርሜሉ በረዶ ሲወርድበት ያደረ ነው። እህቴን ቀና ብዬ አየኋት። ቀዝቃዛ ውሃ ምን እንደሚያደርገኝ ታውቃለች፤ ልጆች ሳለን ጣቶቼን በትንፋሿ ታሞቅልኝ ነበር። ውሃ ይሙቅላት ብትል ይበቃኝ ነበር።

አማቷ እስኪወጡ ጠበቀች። ከዚያ ልጇን ወደ ሌላው ጡቷ አዞረችው።

«በጓሮ በኩል ዞረሽ እጠቢ» አለችኝ ቀስ ብላ፤ «ሰው እጅሽን እንዳያይ።»