እትዬ ድንኳን በአየር መርከቡ ሆድ ውስጥ

ሃያ ሁለት ዓመት ድንኳን ስትሰፋ ስለኖረች ባልደረቦቿ «እትዬ ድንኳን» ይሏታል። አሁን የምትሠራው ግን የአየር መርከብ ሆድ ነው። መርከቡ እንደ ፊኛ ዝም ብሎ አይንሳፈፍም፤ አብዛኛውን ክብደቱን በሆዱ የሚሞላው ጋዝ ይሸከምለታል፣ የቀረውን ወደፊት ሲሮጥ ሰፊ ሰውነቱ እንደ አውሮፕላን ክንፍ ያነሣዋል። ጋዙ እንዳያፈስ የሆዱን ጨርቅ መርፌ አይነካውም፤ ጠርዙ ተደራርቦ በሙቀት ይጣበቃል።

ጋዙ ከመሞላቱ በፊት ሆዱን በተራ አየር ነፍተው ግፊቱን ለኩ። በሁለተኛው ቀን መለኪያው ወረደ፤ ትንሽ ነው፣ ግን ወረደ።

«ቅዝቃዜው ነው» አለ ዋናው መሐንዲስ። «የፍተሻውን ወረቀት ይፈርሙና ነገ ጋዙን እንሙላ።»

«ትናንትም በርዶ ነበር፤ አልወረደም።»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ድንኳን አይደለም!»

«ድንኳንማ ቢያፈስ ሰው ይረጥባል እንጂ ከሰማይ አይወድቅም። ሳልፈትሽ አልፈርምም።»

«እንግዲያው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት።»

በጠባቧ በር ወደ ጨለማው ሆድ ገባች። በውጭ በኩል ረዳቷ፣ መብራት ያዡ፣ በመሰላል እየወጣ በየመጋጠሚያው ላይ መብራት ያበራል፤ ቀዳዳ ካለ ከውስጥ እንደ ኮከብ ይታያል።

«እትዬ፣ የኔም ጉልበት ያፈሳል፤ እግረ መንገድዎን ይዩልኝ!» ሲል ጮኸ።

«አፍህ ነው የሚያፈሰው። ወደ ግራ!»

ሌሎቹ ሠራተኞች ያጣበቁትን ሁሉ አየች፤ ምንም የለም። የራሷን መጨረሻ ያቆየችው ስለምታምነው ነበር። ጅራቱ አጠገብ ሦስት የብርሃን ነጥቦች፣ እኩል ተራርቀው፣ ተደርድረው አገኘች።

ወዲያው ገባት። አንድ ቀን መቆንጠጫ ሲያጥራት ጨርቁ እንዳይንሸራተት በስፒል ወግታ ይዛው ነበር። ድንኳን ሰፊ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል፤ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ። ሦስቱን ነጥብ ለጥፋ ዝም ብትል ማንም አያውቅም ነበር። ሳትለጥፍ ወደ መሐንዲሱ ወጣች።

«እኔ ነኝ የበሳሁት» አለች።

መሐንዲሱ ነገሩን ሰምቶ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «ይለጠፋ። ከዚያስ ይፈርማሉ?»

«ሌላም ቦታ ወግቼ እንደሆነ አላስታውስም። አሥራ አራቱንም መጋጠሚያዎቼን አንድ በአንድ ሳላይ አልፈርምም። ሦስት ቀን ይፈጃል።»

«በረራው ይዘገያል እኮ!»

«ይዘግያ!»

መሐንዲሱ መለኪያውን አየ፤ እሷን አየ። ከዚያ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን የበረራ ቀን በመዳፉ ጠረገው።

«ና፣ መሰላሉን አምጣ» አለች መብራት ያዡን። «ከመርከቡ አፍንጫ እንጀምራለን።»