ሁለቴ የሚጮኸው ካርድ

ጀማነህ የአዛውንት ካርድ ይዞ አውቶቡስ በተሳፈረበት በመጀመሪያው ቀን አነከሰ። እግሩ ምንም አልሆነም። መጋዘን ውስጥ ሣጥን ሲያነሳና ሲደረድር የሚውል፣ የልጆቹ እኩያ ከሆኑ ወጣቶች እኩል የሚሠራ፣ ሽበቱ ገና በጣት የሚቆጠር ሰው ነው። ያነከሰው ሕሊናው ስለቆረቆረው ነው።

ነገሩ የጀመረው የመጨረሻ ልጁ ቢታንያ ኮሌጅ ስትገባ ነው። መኪናውን ለእሷ ለቀቀላትና እሱ አሜሪካ ውስጥ ከሚኖርበት ፎረስት ፓርክ ሰፈር ሞርስ ሮድ አካባቢ ወዳለው ሥራው በአውቶቡስ መመላለስ ያዘ። አንድ እሑድ ቢታንያ የኢንሹራንስ ወረቀት ስትሞላ መንጃ ፈቃዱን አየችና ጮኸች።

«ዳዲ፣ ዩ አር ሲክስቲ ፋይቭ!»

«ማን፣ እኔ?»

«ላይሰንስህ ነው የሚለው። ሲኒየር ካርድ አፕላይ ላድርግልህ፣ ሃፍ ፕራይስ ነው።»

ጀማነህ ራሱን የሚያውቀው ስልሳ ሁለት ዓመቱ እንደሆነ ነው። ድሮ ካርቱም ስደት ላይ ሳለ የአሜሪካን ፎርም የሞላለት ዮፍታሔ የሚባል ጓደኛው ነበር። ዮፍታሔ የኢትዮጵያን ዘመን ወደ ፈረንጅ ሲለውጥ ሰባት ወይም ስምንት መደመር ሲገባው አምስት ደመረ። ስሕተቱ የታየው ወረቀቱ ተፈርሞበት፣ ማኅተም አርፎበት ካለቀ በኋላ ነው። «ሦስት ዓመት ምን አላት? ብትነካካው ሌላ ሦስት ዓመት እዚሁ ካርቱም ያስቀምጡሃል» አለው ዮፍታሔ። እውነቱን ነበር። ከዚያ ወዲህ ጀማነህ ለመንግሥት አንድ ዕድሜ፣ ለራሱ ሌላ ዕድሜ ይዞ በሰላም ኖረ።

አሁን ግን በዚያች ሦስት ዓመት ሊጠቀምባት ነው። ይኼ ሰው ደግሞ አንድ ጊዜ ያልከፈለበት ግማሽ ኪሎ ምስር ከዕቃው ጋር ተቀላቅሎ ቤቱ ቢገባ፣ በበረዶ ነድቶ ባለሱቁ እጅ ላይ ያስቀመጠ ነው። ባለሱቁ ራሱ «ለዚህ ብለህ ነው?» ብሎ አዝኖለታል።

ሚስቱ ፀሐይወርቅ ግን ነገሩ አልከበዳትም። «መንግሥት ስልሳ አምስት ነህ ካለህ አንተ ምን አገባህ? ተከራከረኝ አለህ?»

የአውቶቡሱን ዋጋ በግማሽ የሚቀንሰው ካርድ ወጣ። ፎቶው ላይ ዓይኑ ፈጥጧል፤ ልክ እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሰው። ይባስ ብሎ የአውቶቡሱ ማሽን ሌላው ሰው ካርዱን ሲያስነካው አንዴ «ጢን» ይልና የአዛውንት ካርድ ሲሆን «ጢን ጢን» ይላል። ጀማነህ የመጀመሪያው «ጢን» ምንም አላደረገውም። ሁለተኛው ግን «ውሸታም» ያለው መሰለው። ሹፌሯ ቀና ብላ አየችው። ከኋላው የተሰለፉትም ያዩት መሰለው። እንግዲህ ያኔ ነው ሳያስበው ቀኝ እግሩን ጎተት፣ ወገቡን ያዝ ያደረገው።

«እንዴት አደሩ አባባ! ቀስ ይበሉ፣ ሳይቀመጡ አልነቃነቅም» አለች ሹፌሯ በአማርኛ።

ሐዊ ትባላለች። በዲቪ ከመጣች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ያን ትልቅ አውቶቡስ እንደ ባጃጅ ነው የምታሽከረክረው። «አባባ» የሚለው ቃል ጀማነህን ወጋው። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው ሁሉ «ጋሼ» ነበር የሚለው። ግን አሁን እያነከሰ ገብቶ «ጋሼ በይኝ» አይላት ነገር። ፊት ለፊት ካለው የአዛውንት መቀመጫ ላይ ቁጭ አለ።

በማግስቱ ፌርማታው ላይ ቆሞ «ዛሬ ቀጥ ብዬ እገባለሁ» ሲል ወሰነ። አውቶቡሱ መጣ፤ ሐዊ ከሩቅ አይታው ኖሮ ቁልፍ ተጫነች። አውቶቡሱ «ፍስስስ» ብሎ በአንድ ጎኑ እስከ እግረኛ መንገዱ ድረስ ዝቅ አለለት። ለእሱ ሲል የተንበረከከ አውቶቡስ ላይ እንዴት ዘሎ ይገባል? አነከሰ። በሦስተኛው ቀን አነከሰ። በሁለተኛው ሳምንት ሐዊ «ለሐኪም አሳዩት?» ማለት ጀመረች። በሦስተኛው ሳምንት እናቷ ከአዳማ የላከችላትን ቅባት በላስቲክ ጠቅልላ ሰጠችው። ጀማነህ ቅባቱን ተቀብሎ «እግዜር ይስጥሽ ልጄ» ሲል ድምፁ እንደ እውነተኛ ሽማግሌ ተንቀጠቀጠ። ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ፌርማታ ቀድሞ እየወረደ፣ አውቶቡሱ እስኪሰወር ቆሞ፣ ከዚያ በሩጫ ሥራ የሚገባ ሰው ሆነ።

«እስቲ ተወው ካርዱን!» አለችው ፀሐይወርቅ ነገሩ ሲበዛባት።

«አሁን ካርዱን ብተወው ልጅቷ ምን ትላለች? እግሩ ዳነ፣ ዕድሜውም ቀነሰ ትበል?»

ቅዳሜ የሥራ ባልደረባው አንድርያስ ልጁን ፒከሪንግተን በአንድ አዳራሽ ዳረ። ጀማነህ ጭፈራ ይወዳል፤ በተለይ ጉራግኛ ሲመታ የሚይዘው የለም። ኮቱን ለሚስቱ ወርውሮ መሐል ገባ። ጉልበቱን እያጠፈ፣ እግሩን እያፈራረቀ፣ እስከ ወለሉ ወርዶ እየተመለሰ ወጣቶቹን አንድ በአንድ ከሜዳው አስወጣቸው። ሰው ክብ ሠርቶ እያጨበጨበ፣ ስልክ አውጥቶ እየቀረጸ ነው። ከሚቀርጹት መካከል፣ የሙሽራዋ ጓደኛ፣ በቀይ ቀሚስ፣ አፏን ከፍታ የቆመችው ሐዊ ነበረች።

ጀማነህ አንድ እግሩ አየር ላይ እንዳለ አያት። እግሩን ማውረድ ነበረበት፤ አወረደው። እንደ ወረደም አነከሰ።

ሐዊ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል አልፋ መጣች። «አባባ» አለች፣ «የሚያምዎት ቀኙ አልነበር እንዴ?»

ጥግ ወስዶ አንድም ሳይደብቅ ሁሉንም ተናዘዘላት፤ የዮፍታሔን ድምር፣ ሁለተኛውን «ጢን»፣ በሩጫ ሥራ መግባቱን። ሐዊ ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች፤ ዓይኗን ጠርጋ ደግማ ሳቀች።

«ማሽኑ እኮ እግር አያይም፤ እኔም ዕድሜ አልጠይቅም» አለችው። «ግን ስልሳ ሁለት መሆንዎን ማን ነገረዎት?»

«አባቴ ነዋ።»

«ጽፈውታል?»

«የት ይጽፉታል?»

«እንግዲህ የሚያውቅ ሰው በሕይወት ካለ ይጠይቁ። የኔ አያት ሦስት ዕድሜ ነው ያላት።»

ጀማነህ ይህን እንዴት እስከ ዛሬ እንዳላሰበው ገረመው። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰ ደብረ ሲና ወደምትኖረው ታላቅ እህቱ፣ እትዬ ፋንታዬ ዘንድ ደወለ። ፀሐይወርቅም እንድትሰማ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።

«እትዬ፣ እኔ ስንት ዓመቴ ነው?»

«ምነው፣ አመመህ እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ስልሳ ሁለት ነኝ አይደል?»

እትዬ ፋንታዬ ከት ብላ ሳቀች። «እሱ እኮ የትምህርት ቤቱ ነው!»

«የምኑ?»

«ዳይሬክተሩ ከሰባት ዓመት በላይ አንደኛ ክፍል አልቀበልም አለ። አባባም ሰባቱ ነው ብሎ አስገባህ። አንተ አሥራ አንድ ሞልቶህ ነበር።»

«አሥራ አንድ!»

«ድንክ ነበርክ፣ ቁመት አልነበረህም። እጅህን በአናትህ አሳልፈህ ጆሮህን ንካ ሲሉህ ጆሮህን አልፈህ አገጭህን ያዝክ። አባባ አፈጠጠብህ፤ እሱን አይተህ እጅህን ሰብሰብ አደረግክ።»

ጀማነህ ያን ማፍጠጥ ያስታውሰዋል። ጥፍሩ ቆሽሾ ስለነበር አባቱ የተቆጡት መስሎት ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ጥፍሩን በየሦስት ቀኑ የሚቆርጠውም በዚያ የተነሣ ነው።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አዝዬ ያሳደግኩህ እኔ! እኔ ሰባ አራቴ ነው፣ በስምንት ዓመት እበልጥሃለሁ። አንተ የተማርከው ቀንሰው።»

ቀነሰው። ስልሳ ስድስት። ወረቀቱ የጨመረበት ሲመስለው ለካ አንድ ዓመት ቀንሶለት ኖሯል። ካርዱ የእሱው ነበር፤ እንዲያውም ዓመት ሙሉ ዘግይቶ ነው ያወጣው። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ግን አንድ ስልክ ተደውሎ አራት ዓመት የተወሰደበት ሰው ምን ብሎ ደስ ይበለው?

ከጠረጴዛው ማዶ ፀሐይወርቅ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች የራሷን ስሌት ስትሠራ ቆይታ ቀና አለች።

«ሽማግሌ የላክህ ጊዜ ሃያ ዘጠኝ ነው ብለውኝ ነበር።»

«ያኔ የማውቀው እሱን ነው።»

«ሠላሳ ሦስት ነበርክ! ሠላሳ የሞላውን አላገባም ብዬ እኮ ሁለት ሰው መልሻለሁ!»

«ሦስተኛውንም ትመልሺኝ ነበር ማለት ነው?» አለ ጀማነህ ቅር ብሎት።

ፀሐይወርቅ ጥርሱን አየት አደረገች። «ያን የሚያምር ጥርስህን አይቼ ለመመለስ እንኳ ትንሽ እቸገር ነበር» አለችና ስልኩን ወደ ራሷ ስባ ከእትዬ ፋንታዬ ጋር ሌላ ምን ምን እንደተደበቃት ማጣራት ጀመረች።

ሰኞ ጠዋት ጀማነህ ቀጥ ብሎ አውቶቡስ ገባ። ካርዱን አስነካ። «ጢን ጢን» አለ ማሽኑ፤ እሱም አፍጥጦ አየው።

«እህሳ?» አለች ሐዊ።

«ስልሳ ስድስት።»

«እንኳን ደስ አለዎት!»

«ምኑ ነው ደስታው?» ብሎ ፊት ለፊት ያለው መቀመጫ ላይ፣ በዚህ ጊዜ በሙሉ መብቱ፣ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ።

ሁለት ፌርማታ እንደሄዱ አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ምርኩዝ ይዘው ገቡ። መቀመጫው ሁሉ ሞልቷል። አጠገቡ መጥተው ቆሙና ትኩር ብለው ያዩት ጀመር። ጀማነህ ዛሬስ አልሸነፍም አለ። ደረቱን ነፍቶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት፣ «አይ አም ሲክስቲ ሲክስ» አላቸው።

አሮጊቷ በምርኩዛቸው ጫማውን ነካ ነካ አደረጉት። «አይ አም ኤይቲ ዋን፣ ቤቢ።»

ጀማነህ ብድግ አለ። እስከ ሥራው ድረስ ብረቱን ይዞ ቆሞ ሄደ፤ ሐዊም በመስታወቱ ውስጥ ስታየው ብቻውን ፈገግ እያለ ነበር። ቤቢ ብለውታል።