ሕጉን ጨርሺ፣ ንግዱ ይደርሳል

ልጄ ሕግ ትማራለች ብዬ ስናገር ድምፄ ከፍ ይላል። ይታወቀኛል፣ ግን አልተወውም። ሰቆጣ ገበያ ሰው ደህና ዋልሽ ሲለኝ ሰላምታውን ሳልጨርስ የእሷን ነገር እጀምራለሁ። እኔ ከሦስተኛ ክፍል ያላለፍሁ፣ አማርኛውንም ከአፍ መፍቻዬ ከኽምጣናው በኋላ የለመድሁ ሴት ነኝ። እሷ ግን ይህ ነገር ሲመጣ አምስተኛ ዓመት ልትገባ ነበር። የሕግ ትምህርት አምስት ዓመት ነው፤ መጨረሻው ላይ የመውጫ ፈተና አለ። ከዚያ ዳኛ ትሁን ዐቃቤ ሕግ፣ እሱን እግዜር ያውቃል።

ፍርሃቴም ከኩራቴ አያንስም። በጦርነቱ መንገድ ተዘግቶ፣ ስልክ ጠፍቶ፣ ትምህርት ቤቱ ባዶውን በቆመበት ጊዜ ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ቤት ውስጥ የቀራት አንድ መጽሐፍ ነበር። እሱኑ እየደጋገመች ስታነብ ሽፋኑ ተገንጥሎ ወደቀ። ያኔ አጠገቧ ተቀምጬ፣ ትምህርት ለነገ ይደርሳል ተብሎ የሚተው ነገር እንዳልሆነ ለራሴ ነገርሁት። መንገዱ ከተከፈተ በኋላም ያ ሐሳብ ከልቤ አልወጣም።

ባለፈው ጥቅምት ለእረፍት መጥታ፣ ሁለታችን ምስር ስንለቅም፣ እንዲህ አለችኝ፦

«እማዬ፣ ቢዝነስ ማኔጅመንት ልማር አስቤያለሁ።»

እጄ ምስሩ ላይ ቀረ። «ሕጉን ልትተዪው?»

«ኧረ ምን በወጣኝ! ልጨምርበት ነው እንጂ። ፍርድ ቤት ለልምምድ ስንሄድ ግማሹ ሰው የሚካሰሰው በንግድ ነው። ውሉን አነባለሁ፣ ንግዱን ግን አላውቀውም። የቸገረኝ መቼ የሚለው ነው። ዘንድሮውኑ ከሕጉ ጎን ለጎን በርቀት ልጀምር ወይስ ሕጉን ጨርሼ?»

«ዘንድሮ!» አልኋት ሳላስብ። «ምን ትጠብቂያለሽ? መንገዱ ክፍት ሆኖ፣ ስልኩም እየሠራ!»

አባቷ የደብራችን መሪጌታ ናቸው፤ ዜማ ያስተምራሉ። ደጅ ተቀምጠው ሰምተውን ኖሯል፣ ሳቃቸው ቀድሟቸው ገባ።

«ዜማ ቤት ሳለሁ አንድ ጓደኛ ነበረኝ» አሉ። «ጧት ከእኛ ጋር ዜማ ይቀጽላል፣ ከሰዓት ወንዝ ተሻግሮ ቅኔ ቤት ይገባል። አንድ ቀን የኔታ የዜማውን መጽሐፍ ድጓውን በል ቢሉት ቅኔውን ጀመረላቸው። የኔታም ‹ልጄ፣ ቤት ተሳስተሃል፣ የአንተ ማዶ ነው› ብለው ሰደዱት። ማዶ ሲደርስ ደግሞ ቅኔው ጠፍቶት ዜማ አወጣ።»

«አንቱ ደግሞ ሁሉን ነገር ዜማ ቤት ያስገቡታል» አልኋቸው። «ያ ልጅ ሰነፍ ነበር። የእኔ ልጅ ሰነፍ ናት?»

«ሰነፍማ አልነበረም። መንገዱ ነው የጨረሰው።»

ልጄ ምስሩን ከፊቷ ገፋ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች። «እኔ በእናንተ መሃል አልገባም። አንቺ ካልመረቅሽኝ ግን አልመዘገብም። ለየትኛው እንደምትመርቂኝ አስቢበት።»

እኛ ዘንድ ልጅ ትልቅ ነገር ሊጀምር ሲነሳ እናቱ እጇን ዘርግታ ትመርቀዋለች፤ ያለዚያ እግሩም አይነሳለትም። እንዲህ ብላ ነገሩን እኔ ላይ ጣለችው። ዩኒቨርሲቲ በሩን አይቼ ለማላውቅ ሴት! ግን ልቤ ቆርጦ ነበር፤ ሁለቱንም ባንዴ ትያዝ። መርቄ ልሰዳት ተዘጋጀሁ።

ከመሄዷ በፊት የማር ማኅበራችን ስብሰባ ደረሰ። ሴቶች ብቻ ነን፤ ከየቀፏችን የቆረጥነውን ነጭ ማር ባንድነት እንሸጣለን። ከሩቅ የመጣ ነጋዴ የዓመት ውል አቅርቦልን ነበር። ሊቀመንበሯ «ያችን የሕግ ልጅሽን ይዘሽ ነይ» አለችኝ። ባትለኝም ይዣት እሄድ ነበር።

ልጄ ውሉን ተቀብላ ከላይ እስከ ታች አነበበች። ሴቶቹ ያወራሉ፣ ነጋዴው ሰዓቱን ያያል። አንድ ቦታ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ጋሼ፣ ይኼ አንቀጽ ምን ማለት ነው? ዝናብ ጠፍቶ አበባ ባይኖር፣ ማር ያላስገቡት እናቶች ካሣ ይከፍላሉ ነው የሚለው።»

«እሱማ የተለመደ ነው፣ የኔ እህት።»

«ዝናቡን የሚያዙት እነሱ አይደሉም። ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲያጋጥም አይጠየቁም ተብሎ ይጻፍ።»

ሴቶቹ አጨበጨቡ። ነጋዴው እየሳቀ «ገና ሳትመረቂ እንዲህ ከሆንሽ፣ ስትመረቂ ወዴት ልሽሽ?» አለና እስኪርብቶውን አወጣ። እኔ ነጠላዬን አስተካክዬ ቀጥ ብዬ ተቀመጥሁ፤ ሰው ሁሉ እናቷ ማን እንደሆነች እንዲያይ።

ከዚያ ሊቀመንበሯ ጠየቀቻት። «እሺ ልጄ፣ በዚህ ዋጋ አሁኑኑ መሸጥ ይሻለናል ወይስ ለጥምቀት ማቆየት?»

ልጄ ወደ ሊቀመንበሯ ዞረች። «እትዬ፣ እሱን አላውቅም።»

«አራት ዓመት ሙሉ ምን ስትማሪ ነበር ታዲያ?» አለች አንዷ ከኋላ።

«ውል! ማር መሸጥ የሚባል ኮርስ የለንም» አለች፤ ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። ከዚያ ቀስ ብላ «ስማረው መጥቼ እነግራችኋለሁ» አለቻቸው።

ያን ያህል ሰው ፊት አላውቅም ማለቷ አንቀጹን ከማስቀየሯ በላይ አኮራኝ። እኔ ብሆን የሆነ ነገር ቀባጥሬ እወጣ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ አፌ ቀደመኝ። «አየሽ? ንግዱ አሁኑኑ ያስፈልግሻል!»

«ያስፈልገኛል» አለች። «ግን ያቺን አንቀጽ እንዴት እንዳገኘኋት ታውቂያለሽ? አምና የውል ሕግን ከሌላው ሁሉ አስበልጬ ስላጠናሁት ነው። ዘንድሮ ልቤን ለሁለት ከከፈልሁት እንዲህ ያለውን አይቼ አልፈዋለሁ። ፈተናውም አለ። ደግሞ ተመርቄ አንድ ሁለት ዓመት እንደዚህ ካሉ ማኅበሮች ጋር ብሠራ፣ ንግዱን ስማር ምን እንደምጠይቅ አውቃለሁ። ዛሬ የጠየቁኝን አይነት።»

«መንገዱ ቢዘጋስ?»

እጄን ያዘችኝ። «ቢዘጋ፣ አንዱን የጨረሰ ሰው ይሻላል ወይስ ሁለቱን የጀመረ?»

የዳኛ አጠያየቅ ነበር፤ እናቷን እንዲህ ማፋጠጧ ትንሽ ቆረቆረኝ፣ ወዲያው ደግሞ ደስ አለኝ። እስካሁን ትምህርቷን የምመርጥላት ፍርሃቴ እንደነበር የገባኝም እዚያው መንገድ ላይ ነው። የሚያስፈራኝ ነገር አልጠፋም፣ ዛሬም አለ። ግን ከእሷ ይልቅ እሱን መስማት አልነበረብኝም።

የምትሄድ ዕለት ጧት፣ ሻንጣዋን በር ላይ አድርጋ ጎንበስ አለችልኝ። አባቷ ከጎኔ ቆመዋል። እጄን ዘርግቼ «የያዝሽውን ያስጨርስሽ፣ ፈተናውን ያቅልልሽ፣ ከክፉ ሰው ዓይን ይሰውርሽ፣ ለተበደለ መከታ ያድርግሽ» አልሁ። በየመሃሉ አሜን ትላለች። ከዚያ እጄን ሰበሰብሁ።

ቀና አለች። «የንግዱስ?»

«እሱን ሕጉን ጨርሰሽ፣ ሥራም ይዘሽ፣ ስትጀምሪው እመርቅልሻለሁ። እዚሁ በሬ ላይ መጥተሽ ትቀበያለሽ።»

«በስልክ አይሆንም?»

«በስልክ አልመርቅም።»

አባቷ «እንግዲህ ይግባኝ የሌለው ፍርድ ነው» አሉ።

ልጄ እየሳቀች አቀፈችኝ። «እዚያው ሄጄ እንዳልቀርብሽ ነው አይደል፣ እማዬ?»

«አዎ» አልኋት። «እንዳትቀሪብኝ ነው።»