ከኢምባካሲ እስከ ጊጊሪ፦ ጋሽ ክፍሎም ቢጫ የሆኑበት ቀን

ኢምባካሲ፣ ሊነጋ ሲል

ከቤት ስንወጣ ገና አልነጋም። አንድ የጭነት አውሮፕላን የጣሪያውን ቆርቆሮ እያንቀጠቀጠ አለፈ። ኢምባካሲ ውስጥ ከዶሮ በፊት አውሮፕላን ነው የሚጮኸው። እትዬ ለተብርሃን ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ በሩ ድረስ መጡ።

«የት ነው በጠዋቱ?» አሉ ባለቤታቸውን።

«ጨርቅ ልንገዛ ነው። ለልጁ የሰርግ ሱፍ።»

«ይሄን ጊዜ የሚከፍት ጨርቅ ቤት አለ?»

«የመኪናው ጃም ሳይዘን ብለን ነው» አሉ ጋሽ ክፍሎም፣ መሬት መሬቱን እያዩ። እኔም የጫማዬን ክር ለማሰር አጎነበስኩ። ክር የሌለው ጫማ እንዳደረግኩ ትዝ ያለኝ ካጎነበስኩ በኋላ ነው።

ጋሽ ክፍሎም የአባቴ የጥንት ወዳጅ ናቸው። ኤርትራዊ ናቸው፤ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ፣ ፒያሳ፣ ሱፍ ይሰፉ ነበር። አማርኛቸውም እዚያው የቀረ ይመስላል፤ ሲኒማን «ቴአትር ቤት»፣ ቆንጆ ሱሪን «ዘናጭ» ይላሉ። አሁን ዌስትላንድስ ውስጥ የራሳቸው የልብስ ስፌት ሱቅ አላቸው። እኔ ለሥራ ናይሮቢ በመጣሁ ቁጥር እነሱ ቤት ነው የማርፈው።

የዛሬውን ጉዞ ምስጢር የነገሩኝ ከትናንት በስቲያ ሱቃቸው ቁጭ ብዬ ነው። ጨርቅ ላይ በጠመኔ ቀጥ ያለ መስመር ያሰምራሉ፤ መስመሩ መሃል ላይ ሲደርስ ይጎብጥባቸዋል። ቀኝ ዓይናቸውን ሲሸፍኑ ይቃናል፤ ግራውን ሲሸፍኑ ደግሞ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። የልጃቸው ሰርግ ቀርቧል። ሱፉን ሌላ ሰው እንዲቆርጠው አይፈልጉም፤ መቀሱን ለማንሳት ደግሞ ፈርተዋል።

«ለለተብርሃን ትንፍሽ እንዳትይ» አሉኝ። «አባቷ ዓይናቸው ጠፍቶ ነው የሞቱት። ይሄን ከሰማች እንቅልፍ የላትም።»

ኤክስፕረስዌይ ላይ

ሹፌራችን ዮናስ ይባላል። ናይሮቢ ተወልዶ ያደገ፣ ልጆች ያሉት፣ ሦስት ቋንቋ በአንድ ትንፋሽ የሚያወራ ሰው ነው። ጊጊሪ ወዳለው የዓይን ክሊኒክ እንደምንሄድ ሲሰማ በመስታወቱ ጋሽ ክፍሎምን አያቸው።

«ፖሌ፣ አይዞዎት ጋሼ! ዶንት ወሪ፤ እናቴን እዚያው ክሊኒክ ነው የወሰድኳት። አሁን ዋትስአፕ ራሷ ታነባለች። ችግሩ ያነበበችውን ሁሉ ለሁላችንም ፎርዋርድ ታደርጋለች።»

ጋሽ ክፍሎም ፈገግ አሉ። ከተነሳን ጀምሮ የመጀመሪያቸው ነበር።

መንገዱ ከፍ ብሎ በአምድ ላይ ይሄዳል። ከታች ማታቱ የሚባሉት ሚኒባሶች እየተጋፉ ጥሩምባቸውን ይነፋሉ፤ በግራ በኩል የአራዊት ፓርኩ ሣር በጉም ተሸፍኗል። ወደ መሃል ከተማ ስንጠጋ የግራር ዛፎቹ ላይ አባ ኮዳዎች ቆመዋል፤ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የማውቃቸው እነዚያው መላጣ ወፎች። ዌስትላንድስ ስንወርድ ዮናስ ከመንገድ ዳር ማንዳዚ የሚሉትን ትኩስ ጥብስ ዳቦ ገዛ። መኪናው ውስጥ የዘይትና የሄል ሽታ ሞላ። ጋሽ ክፍሎም ባዶ ሆድዎን ይምጡ ስለተባሉ መስኮቱን ከፍተው ፊታቸውን አዞሩ።

«ብሉ፣ ብሉ» አሉ። «እኔ ሑዳዴ የለመድኩ ሰው ነኝ።»

ጊጊሪ፣ ረፋድ

ጊጊሪ ሌላ አገር ነው። መንገዱ በዛፍ ተሸፍኗል፣ አጥሩ ረጅም ነው፣ ዘበኛው ብዙ ነው። ክሊኒኩ ከአንድ ጥግ ላይ ያለ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። ሐኪሟ በዕድሜ እኩያዬ የምትሆን ኬንያዊት ናት። በእንግሊዝኛ ነው የምታወራው፤ እኔ እዚህ በአማርኛ አስቀምጬዋለሁ።

የዓይናቸውን ብሌን የሚከፍት ጠብታ አደረገችላቸውና አገጫቸውን ማሽኑ ላይ አስደገፈቻቸው። የመጀመሪያውን ፎቶ ያለምንም ቀለም አነሳች። ዓይን ውስጥ ያረጁ ሕዋሳት የተዉት ዝቃጭ ብርሃን ሲያርፍበት በራሱ እንደሚያበራ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። የሰው ዓይን በጨለማ ውስጥ የራሱ ደብዛዛ ፍካት አለው።

ቀጥሎ ፍሎረሲን የሚባል ብርቱካንማ ቀለም በክንዳቸው ደም ሥር ተወጋ። «ይሄ ቀለም ሰማያዊ ብርሃን ሲነካው አረንጓዴ ያበራል» አለች። «ካሜራው አረንጓዴውን ብቻ ያያል። እኔ ተማሪ ሳለሁ አስተማሪዎቻችን በፊልም አንስተው እስኪታጠብ ይጠብቁ እንደነበር ይነግሩን ነበር። አሁን አብረን በቀጥታ እናየዋለን። ያለ ቀለም ደም ሥሮቹን የሚያሳይ ማሽንም አለን፤ ቅድም በሱም አንስቼዎታለሁ። የሚያፈስ ነገር መኖሩን ግን ከቀለሙ የተሻለ የሚነግረኝ የለም።»

ስክሪኑ ጥቁር ነበር። ወዲያው ከመሃል አንድ ብሩህ ክር ፈለቀ፤ ተከፈለ፣ እንደገና ተከፈለ፣ ጥቁሩን ሜዳ በብርሃን ቅርንጫፍ ሞላው። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከኢምባካሲ ጀምሮ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ውስጥ ይሄ ሁሉ ነበረ?

ከዚያ መሃሉ አካባቢ አንዲት ነጥብ ታየች። ሌሎቹ ደም ሥሮች ጠርዛቸው ጥርት ያለ ነው፤ እሷ ግን ውሃ የነካው ጨርቅ ላይ እንዳረፈ ቀለም ቀስ እያለች ሰፋች። እጄን ዘርግቼ የጋሽ ክፍሎምን እጅ ያዝኩ፤ ቀዝቅዟል።

ሐኪሟ ምስሉን ወደ እሳቸው አዙራ በጣቷ አሳየቻቸው። «እዚህ ጋ አዲስ፣ ደካማ ደም ሥር በቅሎ ፈሳሽ ያስወጣል። ፈሳሹ ከዓይን ጀርባ ያለውን ስስ ሽፋን፣ ሬቲናውን፣ ወደ ላይ ስለገፋው ነው መስመሩ የሚጎብጥብዎት።»

ጋሽ ክፍሎም አንገታቸውን አስግገው ብዙ አዩት።

«ስፌቱ ለቋል ማለት ነው» አሉ።

ተረጎምኩላት። ሳቋ ሲያመልጣት ከልቧ ነበር። «አዎ፣ ለቋል። ግን በጊዜ መጥተዋል። ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ አለ፤ በየወሩ ለተወሰነ ጊዜ እንሰጥዎታለን። ሁሉም እንደ ድሮው ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባም። ብዙው ሊመለስ ይችላል ብዬ ግን ተስፋ አደርጋለሁ።»

«ዓይን ውስጥ? መርፌ?»

«ይደነዝዛል፣ አያስፈራም።»

«መርፌ አርባ ዓመት ይዣለሁ» አሉኝ በአማርኛ። «ወደ እኔ ሲመጣ ግን አላውቀውም።»

መጸዳጃ ቤት ገብተው ሲወጡ ሳቅ አላስቆም ብሏቸዋል። «ሽንቴ የቦዳቦዳ ሞተር ነጂዎች ጃኬት ነው የሚመስለው!» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ልክ ናቸው። ያ ጃኬትም ቢሆን የማይታየውን ብርሃን ውጦ ደማቅ አድርጎ የሚመልስ ቀለም ነው የተነከረው። ቀና ብዬ ሳያቸው ደግሞ ፊታቸው፣ አንገታቸው፣ የእጃቸው መዳፍ ጭምር ቢጫ ሆኗል። ሐኪሟ ቀለሙ በኩላሊት በኩል ወጥቶ እንደሚለቅ ነግራን ነበር፤ በሰዓታት ውስጥ ቆዳው ይጠራል አለች። ምን ያህል ቢጫ እንደሚሆኑ ግን አልጠበቅንም።

ዌስትላንድስ፣ ምሳ

ጥቁር መነጽር አድርገው ወደ ሐበሻ ምግብ ቤቱ ገቡ። ባለቤቷ አዲስ አበቤ ናት፤ ገና ከበሩ ስታያቸው ጮኸች።

«ጋሽ ክፍሎም! ምን ነክቶዎት ነው?»

«ዛሬ አልጫ እንዳታመጪልኝ» አሉ ወንበር እየሳቡ። «እኔው ራሴ ሆኛለሁ።»

ቀይ ወጥ አዘዙ፤ ከጠዋት ጀምሮ የታገሡትን ሁሉ በሉ። ዮናስ በስልኩ ፎቶ ሊያነሳቸው ሲል ግን እጃቸውን አነሱ።

«ለተብርሃን ታየዋለች።»

«ጋሼ፣ ሲሪየስሊ፣ ፎቶ ምን ያደርግላታል? እርስዎን ራስዎን ልታይ ነው እኮ!»

ይሄን አላሰብንበትም ነበር።

ኢምባካሲ፣ አመሻሹ ላይ

በጃም ውስጥ መንገዱን ሁሉ ምን እንደምንል ተማከርን። ፀሐይ ነው እንበል? እርድ ተደፋብን እንበል? በሩ ሲከፈት እትዬ ለተብርሃን መጀመሪያ እጃችንን አዩ፤ ጨርቅ የለም። ቀጥለው የባለቤታቸውን ፊት አዩ።

«ጉበትህ ነው! ወይኔ፣ ጉበትህ ነው! ነጠላዬን አምጪልኝ ልጄ፣ ሆስፒታል እንሂድ!»

«ከሆስፒታል ነው የምመጣው» አሉ ጋሽ ክፍሎም።

ሶፋው ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ነገሯቸው፤ የጎበጠውን መስመር፣ ቀለሙን፣ የለቀቀውን ስፌት። እትዬ ለተብርሃን ቆመው ሰሙ። መጀመሪያ ተቆጡ፤ ለእኔም ደረሰኝ፣ አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ አጠገባቸው ተቀምጠው ቢጫውን እጅ ጭናቸው ላይ አደረጉት።

«አባቴን ይዞት የሚሄድ ሰው አልነበረም» አሉ። «መርፌው መቼ ነው?»

«ሰኞ።»

«ሰኞ እኔ ነኝ የምወስድህ። እሷ አገሯ ትግባ።»

አዲስ አበባ

ይሄን የምጽፈው ከተመለስኩ ወራት አልፈውኝ ነው። መርፌዎቹን እትዬ ለተብርሃን ናቸው እያመላለሱ ያስወጓቸው። መስመሩ ሙሉ በሙሉ አልተቃናም፤ መሃሉ ላይ ጥቂት ይነቃነቃል ይላሉ፣ ክትትሉም ይቀጥላል። ግን መቀሱን አንስተዋል።

ትናንት የሰርጉ ፎቶ ደረሰኝ። ሙሽራው ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ለብሶ፣ ሙሽሪት በክንዱ፣ እትዬ ለተብርሃን በሐበሻ ቀሚስ። ሁሉም ካሜራውን እያዩ ይስቃሉ። ጋሽ ክፍሎም ብቻ ወደ ካሜራው አላዩም፤ የልጃቸውን የትከሻ ስፌት ቀረብ ብለው እየመረመሩ ነው።