ከመቱ ጎሬ የሚሄደው ባቡር

ሰሞኑን የጎረቤቴ ልጅ ለትምህርት ቤት ሥራ ካርቶን ሲያጣብቅ፣ ውሃና ዱቄት አፍልቶ የሠራው ሙጫ ሸተተኝና በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ያንን ሽታ ሌላ ሰው የልጅነት ሽታ ይለው ይሆናል። የእኔም ልጅነት እሱ ነው፤ ግን ፍርሃት አብሮት ስለተፈላ ሁለቱን ለይቼ አላውቃቸውም። ቁጭ በይና ላጫውትሽ።

አባቴ ድሬዳዋ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ፉርጎ ሲያያይዝ ሁለት ጣቶቹን አጣና ወደ እናቴ አገር ወደ መቱ መጣ፤ የቡና መፈልፈያ እየጠገነም አሳደገኝ። ከድሬዳዋ ካመጣው ዕቃ ሁሉ የሚሳሳው፣ አንድ የግሪክ ነጋዴ አገር ለቆ ሲሄድ ለሰጠው መጫወቻ ባቡር ነበር። እንደ ሰዓት በቁልፍ ይሞላል፤ ትንንሽ ፉርጎዎች ይጎትታል፤ ሃዲዱ ሲገጣጠም ሞላላ ክብ ይሠራል።

የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዘመኑ ደርግ ወጣቱን የሚያሳድድበት ዘመን ነበር። ትምህርት ቤት ከእኛ ከፍ ካሉት ተማሪዎች የአንዱ ወንበር ባዶ ሆኖ ያድራል፤ "የት ሄደ?" ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ክረምቱ ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ አባቴ ከቤት እንዳልወጣ ፈለገ። "አትውጪ" ግን አላለኝም። ጓዳ ውስጥ አሮጌ በር በሁለት በርሜል ላይ አጋደመና ሃዲዱን ዘረጋበት።

"ነይ፣ አገር እንሥራለት" አለኝ።

"የት አገር?"

"ከመቱ ጎሬ። እንዲህ ያለ ባቡር የለም። ቢኖር ግን በየት በየት እንደሚያልፍ እኔ አውቃለሁ።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እኛ ጋዜጣ እየቀደድን፣ ሙጫ ውስጥ እየነከርን ተራራ እናቆም ነበር። አባቴ መጀመሪያ ቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ፊት ያለበትን ገጽ እንዳትነኪ" አለኝ። የማን ፊት እንደሆነ አልጠየቅሁትም። የመሪውን ፎቶ መቅደድ ሰው እንደሚያስበላ ልጅም ያውቅ ነበር። እያንዳንዱን ገጽ በፊትም በጀርባም አገላብጬ ሳላይ አልቀድም ነበር፤ ዛሬም ጋዜጣ ስጠቀልል እጄ ሳላዘው ያገላብጠዋል።

ሰጋቱራ እናቴ ለስፌት በምትጠቀምበት አረንጓዴ ቀለም ነክረን፣ አድርቀን ሣር አደረግነው። የቡና ጭራሮ ላይ ከግንድ የተፋቀ የዛፍ ሽበት እየለጠፍኩ ጫካ ሠራሁ። የሶር ወንዝ ከሥሩ ሰማያዊ የተቀባ የመስኮት መስታወት ነበር። ከመስታወቱ በላይ አባቴ በቀሩት ስምንት ጣቶቹ ከቀጭን ሽቦ ድልድይ ሠራ። ጎሬን ከተራራው አናት አስቀመጥናት፤ የቤቶቿን ጣራ የሠራሁት ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ በሚወጣው ብልጭልጭ ወረቀት ነው። ጓዳው እርጥብ እንጨትና ሙጫ ይሸት ነበር። የመስኮቱ ብርሃን በመስታወቱ ወንዝ ላይ ሲያርፍ፣ እውነት እልሻለሁ፣ የሚፈስ ይመስላል።

ብልጭልጩን ወረቀት የሰጡን ጎረቤታችን ባለሱቁ ጋሼ ነበሩ። አንድ ቀን ሊያዩት ገቡና ፈገግታቸው ከፊታቸው ላይ ጠፋ።

"ይኼን ያየው ሰው አለ?"

"የልጅ መጫወቻ እኮ ነው" አለ አባቴ።

"አንተ መጫወቻ ትለዋለህ። ሌላው ምን እንደሚለው በምን ታውቃለህ? አንሣው የኔ ወንድም።"

አላነሣውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እናቴ በር በተንኳኳ ቁጥር እየሮጠች ብርድ ልብስ ታለብሰው ጀመር። የእሷ ፍርሃት ወደ እኔም ተጋባ። ውሻ ሲጮኽ፣ መኪና ሲያልፍ ሮጬ ብርድ ልብሱን አስተካክላለሁ።

አሰሳው የመጣው ጠዋት፣ ቁርስ ላይ ነው። ካድሬው አብዮት ጠባቂዎቹን አስከትሎ ገባ፤ አልጋ ገለበጡ፣ የጤፉን ጆንያ አፈሰሱ። ጓዳ ገብተው ብርድ ልብሱን ገፈፉት።

"ምንድን ነው ይኼ?" አለ ካድሬው።

"ባቡር ነው፣ ጓድ" አለ አባቴ።

ካድሬው በጠመንጃ ሳንጃ ተራራውን ሰነጠቀው። እጁን ከትቶ አንድ ንጣፍ ጋዜጣ ላጠና ማንበብ ጀመረ። ሁሉንም ገጽ አይቻለሁ፣ አይቻለሁ እያልኩ በልቤ እደግማለሁ፤ ግን አንዱ አምልጦኝ ቢሆንስ? ወረቀቱን ጣለው። ፊት አልነበረበትም።

"ውስጡ ምን ደብቀሃል?"

አባቴ ሲንተባተብ ሳይ ዝም ማለት አቃተኝ። "ምንም የለውም! ላሳይዎት!" ብዬ ባቡሩን አነሣሁ። ቁልፉን እስከ መጨረሻው ጠመዘዝኩት። ሃዲዱ ላይ ስለቀው ቷ ቷ ቷ እያለ ድልድዩን ተሻገረ፣ ጫካውን አቋረጠ፣ ከተራራው ሥር በከፈትንለት ዋሻ ገብቶ በሌላ በኩል ብቅ አለ። ጠባቂዎቹ በዕድሜያቸው ባቡር አይተው አያውቁም። አንደኛው ጠመንጃውን አንግቶ በርከክ አለና እንደ ሕፃን ሳቀ። ካድሬውም ለአንድ አፍታ ፊቱ ፈታ ያለ መሰለኝ። አለፈልን፣ ሰላም ወረደ ብዬ ነበር።

ባቡሩ አቅሙ አልቆ ቆመ። ካድሬው አጎንብሶ ብልጭልጮቹን ጣራዎች አየ።

"ይኼ ጎሬ ነው" አለ። "ይኼ ደግሞ ሶር። ድልድይና መንገድ እቤቱ አሳንሶ የሚሠራ ሰው ምን ሊያደርግበት ነው?"

"ባቡር ቢመጣልን ብዬ ነው፣ ጓድ።"

"ለማን?"

"ለሁላችን።"

"ሌላ ቦታ ታስረዳለህ። ተነሣ።"

እናቴ በኦሮምኛ "ኢንታላ ኮ"፣ ልጄ፣ ልጄ እያለች እኔን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ እንጂ ወደ እሱ መሄድ አልቻለችም። አባቴን ከፊት፣ ባቡሩን በጆንያ ከኋላ አድርገው ወሰዱ። የቀረውን ተራራና ጫካ እኔና እሷ የዚያኑ ዕለት ምድጃ ውስጥ ከተትነው። ሙጫው ሲቃጠል እንደ አረረ ዳቦ ሸተተ።

የቀረውን ክረምት ሁሉ አባቴ ወደታሰረበት ቀበሌ ምግብ አመላለስን። ሳህኑ ባዶውን ሲመለስ በሕይወት አለ ማለት ነው። አንድ ቀን ያልተነካ ምግብ መለሱልን፤ እናቴ መንገድ ላይ ተቀመጠች። በማግስቱ ግን ባዶው ተመለሰ፤ ለምን እንደሆነ የነገረን የለም።

መስከረም ገብቶ ትምህርት ሊከፈት ሲል ለቀቁት። ከስቶ፣ የተገረፈው ውስጥ እግሩ መሬት ሲነካ እያመመው፣ በእግሩ ጎን እየረገጠ መጣ። ስለ ባቡሩ አልጠየቀም፤ እኛም ስሙን አላነሣንም። ትምህርት በተከፈተ ቀን ግን ተነሥቶ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ሸኘኝ። በማግስቱም፣ ከዚያም ወዲያ። ጓደኞቼ "ሕፃኗ መጣች" እያሉ ይስቁብኝ ጀመር።

"አባባ፣ ይቅርብህ" አልኩት አንድ ጠዋት።

"እሺ ልጄ" ብሎ በሩ ላይ ቀረ።

ገበያው ጋ ስደርስ ዞር አልኩ። ከመንገዱ ማዶ፣ ከቡና ጫኞቹ ኋላ፣ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ፣ እንዳላየው እየተጠነቀቀ እያነከሰ ይከተለኛል። እንዳላየሁት ሆንኩ። እንዳይቸኩል ብዬ ግን እርምጃዬን ቀነስኩለት።