ውድነሽና የባምባሲው መንገድ ጠርሙስ

ውድነሽን የሚያውቃት ሁሉ እግሯ አያርፍም ይላል፤ እውነቱን ነው። ግን እንዲህ ሆና አልተወለደችም። ያቅበጠበጣት መንገድ ነው፤ ለዚያውም ጠርሙስ የሞላበት መንገድ።

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ወደ አሶሳ ስትጫን ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። አምባሰል ላይ ጨው ልትገዛ ገበያ ወጥታ የመንግሥት ካድሬዎች ለሰፈራ ብለው ከነነጠላዋ አፈሷት። ሰገነት የምትባለው እናቷ እቤት ቀርታለች፤ ደህና ዋይ እንኳን አልተባባሉም። መኪናው ሸራ ስለለበሰ በየት በኩል እንደመጡ አላየችም። የሰማችው ሾፌሩና ረዳቱ ጠጥተው ጠጥተው በመስኮት የሚወረውሩት ጠርሙስ ሲከሰከስ ነው። ውድነሽ ጉድ አለች። በእነሱ አገር ጠርሙስ ይዋሳል እንጂ አይጣልም፤ የሰው ጠርሙስ የሰበረ ሽማግሌ ይልካል። ደግሞ ሰው እያስለቀሱ ጭነው ቢራ!

የሰፈራው መንደር ከገባች በኋላ እንቅልፍ አልወስድ አላት። ካድሬው ስም ሲጠራ አቤት ትላለች፤ ልቧ ግን እናቷ ዘንድ ነው። ውሃ ማን ይቀዳላታል? ወር ከአሥራ አምስት ቀን እንደምንም ቻለችው። አንድ ጠዋት እንጨት ለቀማ ብላ ወጣችና ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ዳር ዳሩን ተያያዘችው። የመጣችበትን ጠርሙስ ተከትላ አገሯ ልትገባ ነው ሐሳቧ።

ጠርሙሱ ጠፍቶብኝ መንገድ እስታለሁ ብላ ነበር የፈራችው። ምን ይጠፋል! በሣሩ ውስጥ፣ በቦዩ ውስጥ፣ በቀርከሃው ሥር የቢራ ጠርሙስ፣ የሰርዲን ቆርቆሮ፣ የወተት ጣሳ ተጋድሟል። መቁጠር ጀመረች። መቶ ሲሞላ ደስ አላት፤ ሁለት መቶ ሲያልፍ መቁጠሩን ተወችው። የእነሱ ሾፌር ሆዱ በርሜል ቢሆን እንኳ ይህን ሁሉ አይጠጣም።

ኢንቲሳር የምትባል የአገሬው የበርታ ሴት በትከሻዋ ዘንግ ላይ ቅርጫት አንጠልጥላ ጣሳ ስትለቅም አገኘቻት። ውድነሽ ይህን ሁሉ የጣለው ማን እንደሆነ ጠየቀቻት።

«መኪና ነው። ሰው ያመጣል፣ ባዶ ይሄዳል፣ ደግሞ ሰው ያመጣል» አለቻት ኢንቲሳር። «ዓመት ሊሞላ ነው። ሁሉም ወሎ፣ ወሎ ይላል።»

ውድነሽ እኮ የታፈሰው የዚያን ቀን ገበያተኛ ብቻ መስሏት ነበር። ይህ ሁሉ ሰው ከመጣ አምባሰል ማን ቀረ? እናቷ ቤት ብትሆን ደግ፤ ግን እሷም ተጭና መጥታ ቢሆንስ? አገሯ ብትገባ ባዶ ቤት ይጠብቃታል፤ እዚህ ብትቀር ደግሞ እናቷ እዚያ ብቻዋን ትሆናለች። አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ ትላለች።

ይህን ስታወጣ ስታወርድ ከባምባሲ በኩል ሸራ የለበሰ መኪና መጣ። መደበቅ ሲገባት ዘላ መንገድ ላይ ወጣች። «ከአምባሰል የመጣች ሰገነት አለች?» ብላ ጮኸች።

«እኔ ነኝ!» አለ ከሸራው ውስጥ የደከመ የሴት ድምፅ።

መኪናው አልቆመም። ውድነሽ ቀኑን ሙሉ ሸሽታ የመጣችውን መንገድ ወደኋላ ሮጠች። መንደሩ ስትደርስ ሰዎቹ ከመኪናው ወርደው አቧራ ላይ ተቀምጠዋል። ሰገነት የተባሉት አሮጊት ተነሥተው ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙና ትክ ብለው አዩዋት።

«አንቺም ልጄ አይደለሽም» አሉ።