ቀማሿ ጁሀራ

ያን ዕለት ሰነቴ ተራራ ላይ በረዶ ጥሎ፣ ጉሙ እስከ ጎባ ወርዶ፣ ከደሎ መና ጫት የሚያመጣው መኪና ተራራው ላይ ቆሞ ቀረ። ሮቤ ገበያ የጁሀራ መደብ ባዶውን ዋለ።

ጁሀራ ጫት ሻጭ እንጂ ቃሚ አይደለችም፤ የማያምን ካለ ትምልለታለች። እንደ ሰው ተቀምጣ ቅማ አታውቅም። ብቻ ደንበኛ ሲመጣ ከእስሩ አንድ ቀንበጥ ቀጥፋ አፏ ታደርግና «ማር ነው!» ትላለች። ወጉ ነው፤ ሻጯ ያልቀመሰችውን ማን ይገዛል? ደንበኛ ባይመጣም ትቀምሳለች፤ ምናልባት መሮ እንደሆነ። ወጥ የምትቀምስ ሴት ሆዳም ትባላለች?

በዚህ ንጽሕናዋ ተመክታ ነው ባሏን ሱልጣንን በሲጋራው ምክንያት ያባረረችው። «ከሱሰኛ ጋር አንድ ጣራ ሥር አላድርም!» አለችው፤ እሱም ጎባ እህቱ ቤት ገባ። ሲሄድ ኮራች። ሲሰነብት ግን ሳሉ ሳይቀር ናፈቃት። ሽማግሌ እንዲመጣ በዘወርዋራ ያስላከችው ራሷ ናት።

ሽማግሌዎቹም ቀን መርጠው፣ ሱልጣንን ይዘው ቤቷ መጡ፤ ጫት በሌለበት በዚያው ቀን።

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ኦቦ ዲማ ምርቃት ጀመሩ። ጁሀራ «አሚን» ልትል የከፈተችው አፍ ለማዛጋት ዋለ። ዓይኗ አነባ፣ ትከሻዋ ከበዳት፣ ሰው ሁሉ አስጠላት። ስትለማመደው የሰነበተችው ለስላሳ ቃል ጠፋባትና፣

«ሱሱን ይዞ ከሆነ የመጣው፣ እዚያው ጎባ ይቅር!» ብላ ጮኸች።

ሱልጣን ብድግ ብሎ ወደ በሩ አመራ። ኦቦ ዲማ ከዘራቸውን ዘርግተው አስቆሙት።

«ጁሀራ ልጄ፣ ዛሬ ጫት አልገባም አይደል?»

«አልገባም። ታዲያስ?»

«ታዲያማ የምትናገሪው አንቺ አይደለሽም፤ ሐራራው ነው።»

«ወላሂ እኔ አልቅምም ኦቦ! እቀምሳለሁ እንጂ!»

«እሷ ስትቀምስ አጠገቧ ያለች ፍየል በረሃብ ትሞታለች» አለ ሱልጣን ከበሩ።

ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ጁሀራ ልትሰድበው ስትል ሌላ ማዛጋት መጣባት፤ በመሃል ሳቅ አመለጣት። ሱስ ጭስና ሳል ብቻ ያለው ይመስላት ነበር። የእሷው ሱስ ግን ሽርጥ ለብሶ፣ ሥራ ነኝ ብሎ ነበር የገባው።

«እኔም ጠዋት ቡና ካጣሁ ሰው አልሆንም» አሉ ኦቦ ዲማ። «ሱሰኛ ሁሉ ይውጣ ካልሽ፣ ቤቱን ማን ይጠብቀው?»

ጁሀራ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«በቃ ግባ» አለችው ባሏን። «ጭሱን ግን ደጅ!»

«አንቺም ቅምሻሽን ገበያ!»

አሁን ጁሀራ እጇ ከእስሩ እንዲርቅ ጫት መሸጡን ትታ ድንችና ሽንኩርት ትሸጣለች። መቃሙን ግን አልተወችም፤ ከጎረቤቷ ከሶፍያ እየገዛች ትቅማለች፣ ቃሚ ነሽ ወይ ሲሏትም አዎ ትላለች። ሱልጣን ቤቱ ነው፤ ውጭ ያጨሳል። ሁለቱም ለመተው እየሞከሩ ነው።